ኔስቶር ሙስቶነን ሐይቁ ላይ ዳቦ እንደበላ

ኔስቶር ሙስቶነን በሃውኪቫራ መንደር በምንም የሚታወቅ ሰው አልነበረም። ድንቹ የሌላውን ሰው ድንች ያህላል፤ ላሞቹም የሌላውን ሰው ላሞች ያህል ይታለባሉ። ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ከኋላ፣ ምድጃው አጠገብ ይቀመጣል፤ መዝሙር ሲዘመር ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል እንጂ ድምፁን ሰማሁ የሚል አልተገኘም። ሠርግ ደርሶ ሲመለስ ሰዎች «ኔስቶርም መጥቶ ነበር እንዴ?» ይባባላሉ። ይኸው ሰው ነው በኋላ በጀግንነት የተሸለመው። ነገሩን ያመጣው ፈረስ ነው።

ፈረሱ ሩስኮ ይባላል። ያሳደገው የኔስቶር አባት ነበር። ዳማ ነው፤ ደረቱ የሰፋ፣ እግሩ የወፈረ፣ ግንድ ለመጎተት የተፈጠረ። አንድ ጠባይ ብቻ ነበረበት። አንዳንድ ቀን እሱና ፈጣሪው ብቻ በሚያውቁት ምክንያት መንገድ መሀል ቀጥ ይላል። ከቆመ ቆመ ነው። ቢለምኑት፣ ቢጎትቱት፣ በአለንጋ ቢሸነቁጡት ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል። መላ ያገኘለት ሽማግሌው ብቻ ነበር። ከፈረሱ ፊት ይሄድና ጀርባውን ሰጥቶት መሬት ላይ ቁጭ ይላል፤ ከኪሱ ጥቁር ዳቦ አውጥቶ ሥራ እንደፈታ ሰው ቀስ ብሎ ያኝካል። ፈረሱ ለጊዜው ይታዘበዋል። ቆይቶ አንገቱን ይሰዳል። ትንሽ ቆይቶ አንድ እግሩን ያነሳል። ያን ጊዜ ሰውዬው ተነስቶ እያኘከ መንገዱን ይቀጥላል፤ ፈረሱም ዳቦውን ተከትሎ ይሄዳል። ዋናው ነገር አለመቸኮል ነው። ዞር ብለው ካዩት ወይም እርምጃ ካፈጠኑ ሁሉም እንደገና ከሀ ይጀመራል። ሽማግሌው ይህን ለልጁ አስተምሮ፣ ፈረሱንም አውርሶ ሞተ።

ራሺያ በፊንላንድ ላይ ጦር ከማንሳቷ ሰባት ዓመት በፊት፣ የብርዱ ወራት ሊያልቅ ሲል የኔስቶር ሚስት ሳንትራ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ምጥ ያዛት። አዋላጇ ያለችው ከኮረብታው ማዶ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ካለበት ሰፈር ነው። ኔስቶር ሚስቱን በበግ ቆዳ ጠቅልሎ የበረዶ ጋሪው ላይ አስተኛትና ሩስኮን ጠመደ። ኮረብታው ጫፍ ላይ ሲደርሱ ሩስኮ ቆመ።

ኔስቶር ጮኸበት። መታው። በመጨረሻ ሌላ መላ ሲያጣ ከፈረሱ ፊት ሄዶ በረዶው ላይ ተቀመጠና ዳቦውን አወጣ። ሳንትራ ከቆዳው ስር እያቃሰተች የባሏን ጀርባ ታያለች። መንጋጋው ከፍ ዝቅ ሲልም ታያለች። «ኔስቶር» ብላ ጠራችው። አልዞረም። ቢዞር ፈረሱ ጭራሽ እንደማይነሳ ያውቃል፤ እሷ ግን ይህን አታውቅም፤ ያን ሰዓት ደግሞ ለማስረዳት የሚያመች ሰዓት አልነበረም። ሁለተኛም ጠራችው። እሱ አኘከ።

ፈረሱ ሲፈቅድ ተነስተው ሄዱ፤ ደረሱም። ሕፃኗ ሴት ነበረች፤ ትንፋሽ ግን አልነበራትም። አዋላጇ እትብቱ አንገቷን አንቆ እንደነበር፣ እዚያው እጇ ላይ ብትወለድም ኖሮ ያው እንደሚሆን ተናገረች። ኔስቶር «እሺ» አለ። ሳንትራ ምንም አላለችም። ስለዚያ ቀን ከዚያ በኋላም አላነሳችም። ኔስቶር ገበታ ላይ ቀርቦ መብላት ሲጀምር ግን አንድ ሥራ ትዝ ይላትና ፊቷን ወደ ምድጃው ታዞራለች። ይኸው ነው፤ ሌላ ለውጥ አልታየባትም።

ኔስቶር ፈረሱን ማየት አቃተው። እንዳይገድለው የአባቱ ነው። ስለዚህ በጸደይ ለጎረቤቱ ለአልቢን ካርቱነን ሸጠው።

አልቢን ከአጥሩ ማዶ ያለ፣ አፉ የማያርፍ፣ ዕቃ ሲገዛ ሦስት ጊዜ አገላብጦ የሚያይ ሰው ነበር። የሩስኮን ጥርስ አየ፣ ሰኮናውን አንስቶ አየ፣ ደረቱ ላይ ጆሮውን ለጥፎ አዳመጠ። በመጨረሻም «ጠባዩስ?» ብሎ ጠየቀ።

«በደንብ ይበላል» አለ ኔስቶር።

ይህ ሐሰት አልነበረም። ግን ሌላውን ቢናገር ስለ ኮረብታው መናገር ሊኖርበት ነው፤ ስለ ኮረብታው ደግሞ ለገዛ ሚስቱም አልተናገረም። ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው ይባላል። አልቢን ቡዳም ባለቤትም አልነበረም፤ ገዢ ነበር፤ ገዛ።

ሩስኮ አዲሱን ጌታውን ወር ያህል አክብሮ ቆየና አንድ እሑድ፣ ምዕመናን ከቅዳሴ ሲወጡ፣ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆመ። የሰበካው ሰው ሁሉ ምክር ሰጠ። ቄሱ ሳይቀሩ ምክር ሰጡ። አልቢን ከቀትር በኋላ በእግሩ ወደ ቤቱ ሲመለስ በቀጥታ የሄደው ወደ ኔስቶር ደጃፍ ነው።

«እንደሚቆም ታውቅ ነበር?»

«ፈረስ ሁሉ አንዳንዴ ይቆማል» አለ ኔስቶር።

አልቢን ትንሽ አየውና ሄደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ አልተነጋገሩም። መንገድ ላይ ሲገናኙ አንዱ ደመና ያያል፣ ሌላው ጫማውን ያያል። ሚስቶቻቸው ሳንትራና ኢዳ ግን በአጥሩ ላይ እርሾ መዋዋሱን አላቋረጡም። «እነዚህ ሰዎች» ይላሉ፤ ከዚያ ወደ ሌላ ወሬ ይሻገራሉ። አልቢን ፈረሱን ለሌላ እንዳይሸጥ የቆመበትን ቦታ የማያውቅ ሰው አልነበረም። ደግሞም እልኸኛ ነው፤ አሸንፈዋለሁ ብሎ ተነሳ። በእነዚያ ሰባት ዓመታት አሸናፊው ፈረሱ ነበር።

ጦርነቱ ሲመጣ የአንድ ሰበካ ወንዶች በአንድ ሻምበል ውስጥ ተመደቡ፤ ፈረሶቻቸውም ተጠሩ። አልቢን የሩስኮ ነጂ ሆኖ ስንቅና ቁስለኛ እንዲያመላልስ ታዘዘ። ኔስቶር ጠመንጃ ተሰጠው። መቶ አለቃቸው ሄድማን የሚባል፣ በሰላሙ ጊዜ የጂኦግራፊ አስተማሪ የነበረ፣ መነጽሩ በብርዱ የሚደፈንበት ሰው ነበር። አካባቢውን ከወታደሮቹ ይልቅ በካርታ ያውቀዋል፤ ወታደሮቹም ለዚህ አልጠሉትም። ኔስቶር በምሽጉ ውስጥም እንደ ቤተ ክርስቲያኑ ነበር። ሲጠሩት አቤት ይላል፤ ካልጠሩት የለም።

ምሽጋቸው ከረዥም ሐይቅ ዳር፣ ጥዱ ውስጥ ነበር። ሐይቁ ጋሪ ችሎ እስኪሸከም ድረስ በረዶ ሆኖ ረግቷል። መሀሉ ላይ ካለች ደሴት ጥቂት ሰዎች ቃፊር ሆነው ይጠብቃሉ። ወደ ደሴቲቱ የሚሄድና የሚመለስ ሁሉ ግን በሰሜን በኩል ወደ ሐይቁ ከሾለው የድንጋይ አፍንጫ ላይ በተጠመደ የጠላት መትረየስ ይታያል። ስለዚህ ሰው የሚሻገረው በረዶ እየጣለ ዓይን ሲጋረድ ብቻ ነበር።

በየካቲት አንድ ቀን፣ በረዶው እንደ ዱቄት እየወረደ ሳለ፣ አልቢን ሁለት ቁስለኞች ሊያመጣ ወደ ደሴቲቱ ሄደ። በደህና ደረሰ። ቁስለኞቹን ጭኖ መመለስ ጀመረ። ሐይቁ መሀል ላይ ሲደርስ በረዶው ቆመ። ሩስኮም ቆመ።

ሰማዩ ጠርቶ ሁሉም ነገር ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ያህል ታየ። መትረየሱ ሥራውን ጀመረ። አልቢን ወርዶ ፈረሱን እየጎተተ፣ እየተሳደበ፣ እየደበደበ ሳለ ጉልበቱን ተመታና ወደቀ፤ እየተንፏቀቀም ጋሪው ላይ ወጥቶ ከቁስለኞቹ ጎን ተጋደመ። ጋሪው ዙሪያ የበረዶ ፍንካች ይዘላል። ፈረሱን አልነኩትም። ሩስኮ ጆሮውን አቁሞ ደሴቲቱንም ዳሩንም ሳያይ፣ ወደ ደቡብ፣ ምንም ወደሌለበት ይመለከት ነበር።

ከዳር ሆኖ ሻምበሉ በሙሉ ያያል። ሄድማን ድንጋዩ ላይ ተኩሱ ብሎ አዘዘ። አንድ አስር አለቃ የጋሪውን ማሰሪያ ቆርጠን በእጅ እንጎትተዋለን ብሎ ወጣ፤ ሩቅ ሳይሄድ ትከሻውን ተመትቶ እየተሳበ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ የሚነሳ ጠፋ።

ኔስቶር ከጥዱ ስር ተኝቶ ፈረሱን እያየ ነበር። መጀመሪያ ያሰበው ለአልቢን ጮኾ መላውን ሊነግረው ነው። አልቢን ግን ጉልበቱ የለም፤ እንዴት አድርጎ ቁጭ ይላል? ደግሞ ቢጮኽ ሻምበሉ ሁሉ ሊሰማ ነው። ሰባት ዓመት የደበቀው ነገር ሰበካው ሁሉ በተሰበሰበበት ሊወጣ ነው። በእንዲህ ያለ ሰዓት ይህንንም ማሰቡን ሲያውቅ በራሱ አፈረ። እጁን ወደ ኪሱ ሲሰድ የጠዋቱ ዳቦ ቁራጭ አለ።

«መቶ አለቃ፣ ይፍቀዱልኝ፤ ልሂድ» አለ።

ሄድማን ማን እንደተናገረ ለማወቅ መነጽሩን ጠረገ። «ሄደህ ምን ልታደርግ?»

«ፈረሱን አውቀዋለሁ።»

ግማሹን መንገድ በበረዶ መንሸራተቻ እንጨቱ፣ የቀረውን በደረቱ ሄደ። ጋሪው ዘንድ ሲደርስ አልቢን ፊቱ አመድ መስሎ ቀና አለ። ከሰባት ዓመት በኋላ የመጀመሪያ ቃሉ «አንተ ደግሞ ምን ልትሠራ መጣህ?» የሚል ነበር። ኔስቶር በፈረሱ ፊት አለፈ፤ ጀርባውን ሰጠና በረዶው ላይ ቁጭ አለ።

ዳቦው እንደ እንጨት ደርቋል። ጓንቱን ሲያወልቅ እጁ እየተንቀጠቀጠ ዳቦውን ጣለው። አነሳው። እንደገና ጣለው። እንደ ምንም ጥርሱ ስር አስገብቶ ሊያኝክ ቢል አፉ ውስጥ ጠብታ ምራቅ የለም። ጥይቱ አንዳንዴ በጆሮው አጠገብ ያልፋል፤ አንዳንዴ በረዶው ላይ ተንሸራቶ እንደ ድመት እየጮኸ ይሄዳል። መሮጥ አማረው። ዞሮ ማየት ከዚያ በላይ አማረው። ሁለቱንም ትቶ መንጋጋውን ቀስ አድርጎ ከፍ ዝቅ አደረገ። ከኋላው የሚያቃስት ሰው ይሰማል። ከዚህ በፊትም እንዲሁ ከኋላው የምታቃስት ሰው ነበረች፤ ያን ላለማሰብ ዓይኑን ወደ ዳር፣ ወደ ጥዶቹ ተከለ።

አልቢን ከጋሪው ላይ ሆኖ አየው። ከዚያ ገባው።

«ታውቅ ነበር» አለ።

«አዎ።»

«ሰባት ዓመት ሙሉ።»

«ዝም በል፤ ችኮላህ ይሰማዋል» አለ ኔስቶር ሳይዞር።

ከቁስለኞቹ አንዱ፣ ሆዱን የያዘው፣ ወደ ጓደኛው ዞሮ «ሰዎቹ ምንድን ነው የሚያወሩት?» ሲል ጠየቀ። ጓደኛው «የመንደር ነገር ነው፣ ተኛ» አለው።

ሞቅ ያለ ትንፋሽ የኔስቶርን ማጅራት ነካው። ያኔ ተነሳና ዳቦውን በጎኑ በኩል አሳይቶ መሄድ ጀመረ። ጋሪው ከኋላው ሲጢጥ ሲል ሰማ። ሐይቁን የቀረውን ያህል በእርሻ ድንበሩ ላይ እንደሚንሸራሸር ገበሬ፣ አንድ እርምጃ ሳያፈጥን፣ እያኘከ ተሻገረው። ዳቦው መሀል መንገድ ላይ ከእጁ አልቆ ነበር፤ ሊውጠው ያልቻለውን ያኝክ ነበር። ጥዱ ውስጥ እንደገቡ ሰዎች ተረባርበው ቁስለኞቹን አወረዱ። ኔስቶር ከአንድ ጥድ ጀርባ ሄዶ፣ አፉ ውስጥ የቀረውን ዳቦ ተፋና አስታወከ።

ሄድማን መጥቶ እጁን ጨበጠው። በርቀት መመልከቻ መነጽሩ ሁሉንም አይቷል። «እንዲህ ያለ እርጋታ በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም» አለው። «ጠላት ፊት ቁጭ ብለህ ምሳህን በላህ እኮ።»

«ፈረሱ ነው» አለ ኔስቶር።

መቶ አለቃው ይህን ትሕትና ብሎ ወሰደው፤ ለበላይ በጻፈው ላይም ትሕትናውን ሳይጠቅስ አላለፈም።

ሰላም ሲወርድ ሰውም ፈረስም የተረፈው ወደ ቤቱ ተመለሰ። አልቢን ከሆስፒታል ሲወጣ እግሩ አለ፤ ጉልበቱ ግን እስከ ወዲያኛው አይታጠፍም። ሙቁ ወራት ሲገባ ለኔስቶር የነጻነት ሜዳሊያ መጣለትና ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ሕዝብ በተሰበሰበበት ደረቱ ላይ ተሰካለት። ቄሱ በጠላት ፊት ስለተዘረጋ ገበታ ሰበኩ። እምነት ያለው ሰው ሞት ሲያፏጭበትም የዕለት እንጀራውን በሰላም ይበላል አሉ። ሴቶች አለቀሱ። ኔስቶር በስብከቱ መሀል አንድ ጊዜም ቀና አላለም፤ የአልቢንን አፍ እየጠበቀ ነበር። አልቢን አንድ ቃል ቢናገር ሁሉ ነገር ተገልጦ፣ ጀግናው አታላይ ፈረስ ሻጭ ሆኖ ወደ ቤቱ ይገባል። እንዲያውም ቢናገርና ቢገላገል ሳይሻል አይቀርም ብሎም አሰበ።

ሰው ሲበተን አልቢን ምርኩዙን እየተከለ መጣ። ሜዳሊያውን ጎንበስ ብሎ፣ እንደ ፈረስ ጥርስ መረመረው።

«ያበራል» አለ። «በእኔ ፈረስ ነው ያገኘኸው።»

ሌላ አልጨመረም።

ሳንትራ ታሪኩን የሰማችው የዚያን ቀን፣ ከቄሱ አፍ ነው። ቤት ገብተው ባሏ ሜዳሊያውን ሲያወልቅ ተቀበለችውና ማንኪያ ከሚቀመጥበት መሳቢያ ውስጥ ከተተችው።

«እዚያም በላህ?» አለችው።

«በላሁ።»

እሷ ባልዲዋን አንስታ ወደ ላሞቹ ሄደች። ኔስቶር የሚጨምረው ነገር እንዳለ ያውቃል፤ ግን ከየትኛው ጫፍ እንደሚጀመር አያውቅም። ስለዚህ እንጨት ፈለጠ።

በዚያው ወር ሩስኮ ድርቆሽ እንደተጫነ የአልቢን መስክ መሀል ቆመ። ዝናብ አንዣቧል። አልቢን መላውን አሁን ያውቀዋል፤ ጉልበቱ አልታጠፍም ስላለ ግን መሬት መቀመጥ አይችልም፤ ቢቀመጥም የሚያነሳው ሌላ ሰው ያስፈልገዋል። ኢዳ ሞከረች። ፈረሱ እሷን ከቁም ነገር አልቆጠራትም። በመጨረሻ ወደ አጥሩ መጥታ «ያንተ ሰው ዳቦ ይዞ ይምጣ ብሎሃል» አለችው ለኔስቶር። «ያንተ ሰው» ያለችው ባሏን ነው።

ኔስቶር ሄደ፤ ተቀመጠ፤ በላ። አልቢን ምርኩዙን ተደግፎ ጎኑ ቆመ። ሁለቱም ፊታቸውን ከፈረሱ አዙረው ወደ ሐይቁ ያያሉ። መጀመሪያ ስለ ዝናቡ ተነጋገሩ። በሌላ ጊዜ፣ ሩስኮ ወደ ወፍጮ ቤት ሲሄድ በቆመ ዕለት፣ ስለ ድንች በሽታ ተነጋገሩ። እንዲህ እንዲህ እያለ ቅጠል መርገፍ ሲጀምር አንድ ቀን አልቢን ለምን እንደሸጠለት ጠየቀው። ኔስቶር ስለ ኮረብታው ነገረው። ረዥም ነገር አልነበረም፤ እሱ ግን ለመጨረስ ብዙ ጊዜ ወሰደበት፤ ፈረሱ ሁለት ጊዜ ሊነሳ ፈልጎ ሁለት ጊዜ ተመልሶ ቆመ።

አልቢን፣ ያ አፉ የማያርፈው ሰው፣ ምርኩዙን እያየ ሰማው። ቆይቶ «ምነው ያኔ ብትነግረኝ?» አለ።

«ያኔ የጠየቅከኝ ስለ ጥርሱ ነበር።»

«ስለ ጠባዩም ጠይቄሃለሁ።»

«ጠይቀኸኛል» አለ ኔስቶር።

በሚቀጥለው ዓመት ከራሺያ ጋር ሁለተኛው ጦርነት ሲጀመር ፈረስ መልማዮች መጡ። በየበረቱ የተሻለውን እየመረጡ ወሰዱ። ሩስኮን አዩትና ወደዱት፤ ወደ መንገድ ሲመሩት ግን በሩ ላይ ቆመ። የእንስሳት ሐኪሙ ገፋ፣ ወታደሮቹ ጎተቱ፣ ሐኪሙ እግሩንና ዓይኑን መረመረ። አልቢን አጥሩን ተደግፎ ይመለከታል። ኪሱ ውስጥ ዳቦ ነበር። ሐኪሙ ይህ ፈረስ ሁልጊዜ እንዲህ ነው ወይ ብሎ ሲጠይቀው አልቢን በደንብ ይበላል ሲል መለሰ። ለአገልግሎት የማይበቃ ተብሎ ቀረ። ሩስኮ ከዚያ በኋላ አርጅቶ፣ ቆሞ ሞተ።

ኔስቶር ግን ለአገልግሎት የሚበቃ ነበር። ሦስት ዓመት ዘመተ። በእነዚያ ሦስት ዓመታት አንድም ጀግንነት አልሠራም። አዛዦቹ ሜዳሊያውን ሰምተው አስቸጋሪ ቦታ ሲልኩት ሄዶ፣ እንደ ሌላው ሰው በደረቱ ተኝቶ፣ እንደ ሌላው ሰው ፈርቶ ተመለሰ። ጥቂቶች ቅር ተሰኙ። ሲያልቅ ወደ ድንቹ ገባ።

ሁለተኛው ጦርነት ካበቃ ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ መቶ አለቃ ሄድማን ወደ አስተማሪነቱ ተመልሶ፣ የዕረፍት ጊዜውን የቀድሞ ወታደሮቹን በመጠየቅ ሊያሳልፍ አስቦ ሃውኪቫራ መጣ። ሳንትራ ገበታ ዘረጋች፤ አልቢንና ኢዳም ተጠሩ። ዓሣ፣ ድንች፣ አሬራ ቀረበ። ሄድማን ጥሩ አውሪ ነው። ለዓመታት ለተማሪዎቹ ሲያወራው የኖረውን ታሪክ አሁን ለባለታሪኩ ሚስት አወራላት። ሰማዩ እንዴት እንደጠራ፣ መትረየሱ እንዴት እንዳጓራ፣ ኔስቶር እንዴት እሑድ ሽርሽር የወጣ ይመስል ቁጭ ብሎ ዳቦውን እንዳወጣ። ኔስቶር ሳህኑን ያያል። ሳንትራ እንደ ልማዷ ምድጃው ዘንድ ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች።

ሲጨርስ «እጁስ?» አለች፤ ሳትዞር።

«ምን አሉኝ፣ ወይዘሮ ሳንትራ?»

«እጁ እንዴት ነበር? ይንቀጠቀጥ ነበር?»

ሄድማን አሰበ፤ እውነተኛ ሰው ነው። ከዚያ ርቀት እጁን ለይቶ ማየት አይቻልም ነበር አለ። ግን ከሁኔታው ሲገመት አይመስለኝም አለ።

«ይንቀጠቀጥ ነበር» አለ አልቢን።

ሁሉም ወደ እሱ ዞሩ። አልቢን የዓሣ እሾህ ከጥርሱ መሀል እየነቀለ ነበር፤ እሾሁን ሳህኑ ጠርዝ ላይ አስቀመጠ።

«እኔ ከኋላው ነበርኩ፤ ሁሉንም አይቻለሁ። ዳቦውን ሁለት ጊዜ ጥሎታል። ትከሻው እንደ ወባ በሽተኛ ይንዘፈዘፍ ነበር። አንዲት ፍርፋሪ አልዋጠም። ዳር ስንደርስ ከጥዱ ጀርባ ሄዶ ሁሉንም ተፋው፤ ከዚያም አስመለሰው። መዞር አይችልም ነበር፣ ሳንትራ። ከዞረ ያ እርኩስ ፈረስ አይነሳም። እኔ እንኳ ስንት ዓመት ነድቼው ያን ቀን ነው ያወቅሁት።»

ሄድማን መነጽሩን አወለቀ። ታሪኩ እንደተበላሸበት ያስታውቃል።

ሳንትራ ከምድጃው ዞረች። ከዚያ ከመደርደሪያው ላይ ሳህን አወረደች፤ መጥታም በኔስቶር ፊት ለፊት ተቀመጠች። ድንች አነሳች። እሱም መብላቱን ቀጠለ፤ እሷም እያየችው በላች። ኢዳ አሬራ ለእንግዳው ጨመረችለትና በአውቶቡስ መምጣት አድካሚ ነው ወይ ብላ ጠየቀችው። ሄድማን መንገዱ ከኩኦፒዮ ከተማ ወዲህ ጥሩ ነው አለ።

በማግስቱ ሄድማን ከሄደ በኋላ ባልና ሚስት ድርቆሽ ሊሰበስቡ ወጡ። ደመናው ከምዕራብ እየመጣ ስለነበር ፈጠን ፈጠን ይሉ ነበር። ሳንትራ መንሿን ሳታቆም፣ ሕፃኗን በልቧ ኤልሳ ብላ እንደጠራቻት ነገረችው። ሳትጠመቅ ስለተቀበረች የትም አልተጻፈም። ኔስቶር ይህን አያውቅም ነበር።

«ኤልሳ» አለ።

«አዎ።»

«ጥሩ ስም ነው።»

ዝናቡ ሳይደርስ ግማሹን አስገቡ፤ ግማሹ ራሰ።

ኔስቶር ከዚያ በኋላ ብዙ ኖረ። አንድ ጊዜ ጎረቤቶቹ ገፋፍተውት ለወረዳው ምክር ቤት ተወዳደረና ተሸነፈ፤ ድምፅ የሰጡት ሰዎች ማን ማን እንደሆኑ በቀላሉ መገመት ይቻል ነበር። የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር በየዓመቱ ንግግር እንዲያደርግ ይጋብዘዋል። እሱም በየዓመቱ፣ ወገቤን አሞኛል የሚል መልእክት አስይዞ፣ አንድ ጆንያ ድንች ይልክላቸው ነበር። ድንቹ እንደ ሌላው ሰው ድንች ነው፤ ማኅበሩ ግን ቀቅሎ ይበላውና ያመሰግነዋል።